ዐምድ ያልቆመለት ሞት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሃይማኖት ትምህርት መሠረቱ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ናቸው፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። ዐምድ ቤትን ደግፎ የሚያቆም ምሰሶ ነው። ቍጥሩ አምስት የሆነበትን ምክንያት መምህራኑ ሲያስረዱ ሐዋርያው ጳውሎስን ይጠቅሳሉ፤ በማይታወቅ ልሳን ከሚነገር እልፍ ቃል ይልቅ ሌላውን የሚያስተምሩ አምስት ቃላት እንደሚሻሉ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፎ ነበርና። የአምስቱ ተራ እንዲያው የተደረደረ አይደለም። ከእግዚአብሔር አንድነትና ሦስትነት ይነሣል፣ ሰው ወደ መሆኑ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ሰውን ይዞ በውኃና በማዕድ በኩል እስከ መጨረሻው ቀን ያደርሰዋል። ሦስቱን የኋለኞች በዝግታ የሚቈጥር ግን አንድ ነገር እንደ ጎደለ ያስተውላል። ሰው ይወለዳል፣ ይመገባል፣ ይሞታል። ጥምቀት ልደት ነው፤ ቁርባን ምግብ ነው፤ ከእነዚህ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ሞት ነው። በሞት ቦታ ትንሣኤ ሙታን ቆሟል። ያልሞተ አይነሣም፤ ሆኖም ምሥጢረ ሞት የሚባል ዐምድ የለም።

ይህ ዝምታ ከመዘንጋት የመጣ ሊሆን አይችልም። ለሞት መጽሐፈ ግንዘትን የሚያህል መጽሐፍ ያላት፣ ፍትሐትና ተዝካር የምታደርስ ቤተ ክርስቲያን ሞትን ረሳች ማለት አይቻልም። ከሰባቱ ምሥጢራት መካከልም ቢፈለግ አይገኝም፤ ለበሽተኛ የሚደርሰው ምሥጢረ ቀንዲል እንኳ የሚጸለየው እንዲፈወስ እንጂ እንዲሞት አይደለም። ፈጥኖ የሚመጣው መልስ ሞት ምሥጢር ስላልሆነ ነው የሚለው ነው። ምሥጢር እምነት የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ሰው እንደሚሞት ለማወቅ ግን ማመን አያስፈልግም፤ ለቅሶ ቤት መድረስ ይበቃል። መልሱ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ሰው እንደሚወለድና እንደሚመገብም ማንም ያውቃል፤ ይህ መታወቁ ልደትና ምግብ ምሥጢር ከመሆን አላገዳቸውም። ሁለተኛው መልስ ጠለቅ ይላል፤ መጽሐፈ ጥበብ ሞትን እግዚአብሔር እንዳልፈጠረው ይናገራል፤ ስለዚህ ቤቱን የሠራው ጌታ ያላቆመው ነገር በቤቱ ምሰሶዎች መካከል ሊቈጠር አይገባም። ይህ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ያ እርሱ ያልፈጠረውን ሞት ልጁ ገብቶበታል፣ በሞቱም ሞትን ሽሮበታል የሚለው እምነት የክርስትና ልብ ነው። እግዚአብሔር ያልሠራው ነገር በእግዚአብሔር እጅ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በአዕማዱ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ካልተገኘ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ጥያቄውም ሞት ለምን ቀረ ከሚለው ሞት የት ገባ ወደሚለው ይዞራል።

ይህን ለመመርመር አስቀድሞ ሞት የሚለው ቃል ምን እንደሚይዝ መለየት ያሻል። ሊቃውንቱ ሞተ ሥጋንና ሞተ ነፍስን ይለያሉ። ሞተ ሥጋ ነፍስ ከሥጋ መለየቷ ነው፤ ሞተ ነፍስ ነፍስ ከእግዚአብሔር መለየቷ ነው። በሁለቱም ውስጥ ያለው አንድ ቃል መለየት ነው፤ መጥፋት የሚለው ቃል በየትኛውም የለም። ሞት የነበረውን እንዳልነበረ አያደርግም፤ አንድ የነበረውን ሁለት ያደርጋል። አዳም ከዕፀ በለስ በበላ ቀን እንደሚሞት ተነግሮት ነበር፤ በልቶ ግን 930 ዓመት ኖረ። ይህን ጥያቄ የጥንት ሰዎችም አላለፉትም። መጽሐፈ ኩፋሌ በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ስለሆነ አዳም ሺሁን ሳይሞላ 70 ዓመት ሲቀረው በመሞቱ በዚያው ቀን ሞተ ይላል። ሌላው መልስ አዳም በዚያው ሰዓት በነፍሱ ሞቷል፤ የሥጋው ሞት ዘግይቶ የደረሰ ጥላ ነው የሚለው ነው። ሁለቱ መልሶች በስሌት ይለያዩ እንጂ አንድ ነገር ይጋራሉ፤ በሁለቱም ዘንድ ሞት ሰው ትንፋሹን የሚያቆምበት ቅጽበት ብቻ አይደለም። ሊቀድም ይችላል፤ ሊዘገይም ይችላል። አዳም ሞቶ ሲመላለስ ከኖረ ደግሞ ተገላቢጦሹን መጠየቅ ይቻላል፦ ሰው ከመሞቱ አስቀድሞ ሞቶ መጨረስ ይችላልን?

የጥምቀት ትምህርት ለዚህ ጥያቄ ይችላል ብሎ ይመልሳል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ክርስቶስን የተጠመቁ ሁሉ በሞቱ እንደ ተጠመቁ፣ በጥምቀትም ከእርሱ ጋር እንደ ተቀበሩ ያስተምራል። ውኃው መታጠቢያ መሆኑን ሁሉም ይቀበላል፤ መቃብር መሆኑን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ካህኑ ሕፃኑን ሦስት ጊዜ ያጠልቀዋል፤ ሦስቱ ለሥላሴ ስም ነው፤ በክርስቶስ የሦስት ቀን መቃብርም ይተረጐማል። አማርኛ ይህን ትምህርት ከብዙ መጻሕፍት በተሻለ ጠብቆታል። ሕፃን ሲጠመቅ ሰው ክርስትና ተነሣ ይላል፤ ከውኃው የተቀበለውንም ክርስትና አነሣው ይላል። ይኸው መነሣት ስለ ሙታን ሲነገር ትንሣኤ ይሆናል። ቃሉን በየዕለቱ የሚናገረው ሰው ላያስበው ይችላል፤ ሆኖም ልጄ በዚህ ቀን ክርስትና ተነሣ የምትል እናት ልጄ በዚህ ቀን ከመቃብር ወጣ ማለቷ ነው። ከውኃው ያልገባ አይነሣም፤ ያልተቀበረም አይነሣም። ምሥጢረ ጥምቀት ልደት ተብሎ ሲሰየም በልደቱ ውስጥ ሞቱ ተጠቅልሎ ገብቷል፤ በተፈጥሮ ከማሕፀን ወደ መቃብር የሚሄደው መንገድ በዚህ ተገልብጦ ከመቃብር ወደ ማሕፀን ሄዷል።

ከዚህ ላይ የሚነሣው ጥርጥር ከባድ ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ይጠመቃሉ፤ ሥርዐቱ አዳም ከተፈጠረ በኋላ በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት ገቡ ከሚለው የኩፋሌ ትረካ ጋር፣ በኦሪት ዘሌዋውያንም ወላድ ለምትነጻበት ከተወሰነው ቀን ጋር የተያያዘ ነው። የ40 ቀን ሕፃን ገና ምን ኖረና ይሞታል? የሚቀበረው አሮጌው ሰው ከሆነ፣ በዚህ ለጋ ሥጋ ውስጥ አሮጌው ማን ነው? ከአዳም የወረደው ሞት ነው ብሎ መመለስ ይቻላል፤ መልሱም ትክክል ነው። ቢሆንም ሌላ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሕፃኑ የተወለደው ሞትን ሳይመርጥ ነው፤ ሟች መሆኑን ማንም አላማከረውም። ሳይጠየቅ የተሰጠውን ሞት ሳይጠየቅ በተሰጠው ሞት መሻር ግፍ የሚሆንበት ምክንያት አይታይም። ደግሞም ኩፋሌን የሚያስታውስ ሰው የ40 እና የ80 ቀኑን ጕዞ የሚያየው ወደ ገነት እንደ መግባት ነው። አዳም ወደ ገነት የገባው ሳይሞት ነበር፤ ሕፃኑ የሚገባው በሞት በኩል ነው። በሩ አንድ ነው፤ ከአዳም ወዲህ ግን መቃብር በሩ ላይ ተቈፍሯል።

ይህን መልስ የማይቀበሉ ክርስቲያኖች አሉ፤ ክርክራቸውም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መቀበር ለሞተ ነው፤ የሚሞተው ደግሞ ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱን ገና ያላወቀ እንዴት ይጥለዋል? ይላሉ። በእ.ኤ.አ. 1525 በዙሪክ ከተማ በሕፃንነታቸው የተጠመቁ ጥቂት ሰዎች ይህን አስበው አዋቂ ሆነው ተጠመቁ፤ ከመካከላቸው ፌሊክስ ማንዝ በ1527 በከተማዪቱ ፍርድ በሊማት ወንዝ ሰጥሞ እንዲሞት ተደረገ። ከዚያ እንቅስቃሴ የወረደው የሜኖናውያን ወገን በኢትዮጵያ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወትም የሚያጠምቁት ያመነውን ነው፤ መካነ ኢየሱስ ግን በሉተራዊ ሥርዐቷ ሕፃናትን ታጠምቃለች። ልዩነቱ ከዕድሜ በላይ ነው። አንደኛው ወገን ሞት ሰው የሚሠራው ነው ይላል፤ ሌላው ሰው የሚቀበለው ነው ይላል። መሞትን ግን ማንም ሠርቶት አያውቅም፤ ሁሉም ይቀበለዋል። በዚህ ረገድ ሕፃኑ ለመሞት ከአዋቂው ያነሰ ዝግጁ ነው ማለት ያስቸግራል።

ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር እንደሚለያዩበት ትልቅ ነው፤ ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትምና። በዙሪክ የተጠመቁትም ሁለተኛ ተጠመቅን አላሉም፤ የፊተኛው ጥምቀት አልነበረም አሉ እንጂ። ከእ.ኤ.አ. 1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጥር 11 ሕዝቡ ወደ ውኃ ሲገባ አይቶ ዓመት በዓመት የሚደገም ጥምቀት መስሎት ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ግን በዓሉ የጌታን በዮርዳኖስ መጠመቅ ማሰቢያና በረከት መቀበያ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ከመቶ ዓመት በኋላ የካቶሊክን እምነት በተቀበለው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊካዊው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ኢትዮጵያውያን እንደገና እንዲጠመቁ ማድረጉ የሀገሩን ልብ ያቆሰለው በዚሁ ምክንያት ነው። ዳግመኛ ተጠመቅ የተባለ ሰው የተነገረው አባቶችህና አንተ ገና አልሞታችሁም፣ ስለዚህም አልተነሣችሁም ነው። ንጉሡ በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት ሲመልስ ለሕዝቡ የመለሰለት መቃብሩንም ጭምር ነበር።

ከጥምቀት ቀጥሎ ያለው ዐምድ ሞትን በሌላ መንገድ ይይዛል። በተዋሕዶ ሥርዐት ሕፃኑ በተጠመቀበት ቀን ሜሮን ይቀባል፣ ሥጋ ወደሙም ይቀበላል፤ በምዕራቡ የላቲን ሥርዐት ግን ልጁ እስኪያስተውል ይዘገያል። ጥምቀትና ቁርባን በአንድ ቀን የሚሰጡት ምንጫቸው አንድ ስለሆነ ነው። የዮሐንስ ወንጌል በመስቀል ላይ ጎኑ በጦር ሲወጋ ደምና ውኃ እንደ ወጣ ይመሰክራል። ውኃው ማየ ገቦ ነው፤ የመጠመቂያው ውኃም በጸሎት ማየ ገቦ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ደሙ ጽዋው ነው። ወታደሩ የወጋው ግን ሕያው ጎን አልነበረም፤ ኢየሱስ አስቀድሞ ሞቶ ነበር። ሕይወት የሚሰጡት ሁለቱ ምሥጢራት ከሞተ ሥጋ ፈሰሱ። ይህን የሚያስተውል ሰው ሞት ከአዕማዱ መካከል አንዱ ያልሆነው ምሰሶዎቹ ሁሉ የሚተከሉበት ጉድጓድ ስለሆነ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቤት ሠሪ ምሰሶ ከማቆሙ በፊት ይቈፍራል፤ ቤቱ ሲያልቅ ጉድጓዱ አይታይም። ምሳሌው ያምራል፤ እስከ መጨረሻው ግን አይሄድም። ጉድጓድ ቤቱ እስካለ ድረስ ከምሰሶው ሥር ይኖራል፤ ሞት ግን እንደሚሻር ተነግሯል። ስለዚህ ምሳሌው ለጊዜው ይቀመጥ።

ቁርባን የሚለው ቃል ሥሩ መቅረብ ነው። ሞት መለየት ከሆነ ቁርባን ተቃራኒው ነው፤ የተለየው የሚቀርብበት ነው። ነገር ግን በዚህ መቅረብ የሚነገረው ሞት ነው። ጳውሎስ ይህን እንጀራ የሚበላና ይህን ጽዋ የሚጠጣ ጌታ እስኪመጣ ድረስ ሞቱን እንደሚናገር ይጽፋል። ጌታ ራሱም ማዕዱን ለመታሰቢያው እንዲያደርጉት አዟል፤ ግእዙ መታሰቢያን ተዝካር ይለዋል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ እንግዳ ያልሆነ፣ ግን የሚያስደነግጥ ቃል ነው። ተዝካር ሟች ከሞተ በ40 ቀኑ የሚወጣለት ነው፤ ቤተሰቡ ይደግሳል፣ ካህናቱና ድኾቹ ይበላሉ፣ ባለ ተዝካሩ ግን በማዕዱ የለም። ማሰብ የሚያስፈልገው ስለሌለ ነው። በዚህኛው ተዝካር ግን የሚታሰበው ሟች ደጋሹም ድግሱም ነው። ካለ ለምን ይታሰባል? ከታሰበ እንዴት አለ ይባላል? እ.ኤ.አ. በ1529 በማርቡርግ የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ ያልተስማሙት በዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሥጋዬ ነው በሚለው ቃል ውስጥ ነው የሚለው ምን ያህል ነው? ሉተር ቃሉን እንደ ተነገረ ያዘ፤ ዝዊንግሊ ያመለክታል ማለት ነው አለ። የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኅብስቱና ወይኑ በእውነት እንደሚለወጡ ታምናለች፤ መታሰቢያ የሚለውንም ቃል አትጥልም። ሁለቱን አብሮ የሚያስኬደው ትንሣኤ ነው። ሞቶ ያልተነሣ ይታሰባል እንጂ አይገኝም፤ ያልሞተ ደግሞ ይገኛል እንጂ አይታሰብም። ሞቱን እያሰቡ በአጠገቡ መቆም የሚቻለው ሞቶ በተነሣው ዘንድ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ በማዕዱ ዙሪያ የሚታየው ነገር ከዚህ ትምህርት ጋር ሲነጻጸር ልብን ያሳዝናል። ሕፃናት ይቈርባሉ፤ አረጋውያን ይቈርባሉ፤ በመካከሉ ያለው ሰው በአብዛኛው ቅዳሴውን ቆሞ አስቀድሶ ይመለሳል። ምክንያቱ ንቀት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ጳውሎስ ሳይገባው የሚበላ ፍርዱን እንደሚበላ፣ በዚህም የተነሣ የታመሙና ያንቀላፉ እንዳሉ አስጠንቅቋል፤ ሕይወት የሆነው ምግብ ለማይገባው ሞት ሊሆን ይችላል። ይህን የሰማ ጎልማሳ ኀጢአት ከእኔ ስትርቅ እቀርባለሁ ይላል፤ ኀጢአት የምትርቅበትንም ጊዜ እርጅና ያደርገዋል። እንዲህ ሲሆን ቁርባን የመንገድ ምግብ መሆኑ ይቀርና የመጨረሻ ስንቅ ይሆናል፤ ሰው ሊሞት ሲል የሚይዘው። በ40 ቀኑ የቀመሰውን ዳግመኛ በ70 ዓመቱ ይቀምሰዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ዕድሜ፣ ማለትም ኑሮው ሁሉ፣ ሳይመገብ ያልፋል። ፍርሃቱ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የማይፈራ ሰው ምን እንደ ቀረበለት አላወቀም። ስሕተቱ ያለው ሞትን ገና ወደ ፊት እንዳለ ነገር በመቍጠሩ ላይ ነው። የተጠመቀ ሰው ሞቱን ጨርሶ ወደ ማዕዱ እንደ መጣ ቢያስብ ኖሮ፣ ንስሐ ገብቶ መቅረብን ለሞቱ ዋዜማ ባላቆየው ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ለቅሶ ነው። ክርስቲያን ሁሉ በጥምቀት ሞቷል ከተባለ በአልጋው ላይ የሚሆነው ምንድን ነው? ቋንቋው ዐረፈ፣ አንቀላፋ ይላል፤ ጌታም ስለ አልዓዛር ተኝቷል ብሎ ነበር። ከዚያ ግን ወደ መቃብሩ ሲሄድ እንባውን አፈሰሰ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ። ይህ እንባ የሞትን ነገር በቃል ብቻ ለሚያቃልል ሁሉ መልስ ነው። መለየት መለየት ነው፤ ትንሣኤን ማመን የእናትን እንባ ከንቱ አያደርገውም። ለቅሶውን የማይከለክለው እምነት የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው። የቀብር ጸሎቱ ፍትሐት ይባላል፤ ፈትሐ መፍታት ነው፤ መፍረድም ነው። ሟቹ የሚታሰርበት ሳይሆን የሚፈታበት ሰዓት ነው ማለት ነው። ካህኑም ፍትሐት ሲያደርስ የክርስትና ስሙ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል። ሟቹ በሰፈሩ፣ በሥራው፣ በመዝገብ የታወቀበት ስም በዚህ ሰዓት አያገለግልም፤ የሚጠራው በ40 ቀኑ ከውኃው ሲነሣ የወጣለት ስም ነው፤ ብዙ ጊዜም ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቀውም። የፊተኛው ሞቱ ስም ለኋለኛው ሞቱ ይጠራል። ቀኖቹም ተመልሰው ይመጣሉ፤ ከሞተ በ40 ቀን፣ በ80 ቀን፣ በመንፈቅ፣ በዓመት ይታሰባል። ወንዱን ልጅ ወደ መጠመቂያው ያደረሰው 40 እና ሴቷን ያደረሰው 80 ለሟቹ ይቈጠራሉ። መነኰስ ሲመነኵስ ደግሞ በሕይወቱ ሳለ ፍትሐት ይደረስለታል፤ የተጠመቀ ሰው ሁሉ በስውር የሆነውን እርሱ በግልጽ ይሆነዋል።

ነፍስ ከተለየች በኋላ ያለው ጊዜም በትምህርቱ ውስጥ ቦታ አለው። የጻድቃን ነፍሳት በገነት፣ የኃጥአን ነፍሳት በሲኦል ይቈያሉ፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነመ እሳት ግን ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ናቸው። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረውን የመንጻት ሥፍራ የተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አትቀበልም፤ ስለ ሙታን መጸለይን ግን አጥብቃ ይዛለች። ሙታንም ሕያዋንም ሁሉ ይጠብቃሉ። በገነት ያለችው ነፍስ እንኳ ገና ሥጋዋን ትጠብቃለች፤ መለየቱ አላበቃምና። ሞትን የሚያበቃው ነፍስ መልካም ቦታ ማግኘቷ ሳይሆን የተለያዩት መገናኘታቸው ነው። ስለዚህ አምስተኛው ዐምድ ስለ ነፍስ አለመሞት ሳይሆን ስለ ሙታን መነሣት ሆነ።

ስለዚያ ቀን የሚነገረው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ስለ ጊዜው ነው። በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር ክርስቶስ የተወለደው ዓለም በተፈጠረ በ5500 ዘመን ነው፤ በዚህ ስሌት ሰባተኛው ሺህ በ1500 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ አሁን ያለው ዘመን ስምንተኛው ሺህ ነው። ሕዝቡ ክፉ ነገር ባየ ቍጥር ስምንተኛው ሺህ ገባ ይላል። ጌታ ግን ቀኒቱንና ሰዓቲቱን ማንም እንደማያውቃት ተናግሯል። ቍጥሩ ካለ፣ ማወቁም ከተከለከለ፣ ለምን ይቈጠራል? ምናልባት ቈጠራው ፍጻሜውን ለማወቅ አይደለም፤ ዘመን ፍጻሜ እንዳለው ላለመርሳት ነው። ቤተ ክርስቲያን ራሷ ምጽአቱን የምታስብበትን ቀን ያኖረችበት ቦታ ይህን ያስረዳል። ደብረ ዘይት በዐቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ ላይ ነው፤ እኩለ ጾም ላይ። የዓለም መጨረሻ በጾሙ መጨረሻ አልተቀመጠም፤ በመካከሉ ነው የተቀመጠው። ምእመኑ ፍጻሜውን ሰምቶ ገና የሚጾመው ቀን ይቀረዋል። የተጠመቀ ሰው ኑሮም ይህን ይመስላል፤ ሞቱ ከኋላው ነው፣ ትንሣኤው ከፊቱ ነው፣ በሁለቱ መካከል የሚበላው እስኪመጣ ድረስ የተሰጠው ምግብ ነው። እስከ የሚለው ቃል ለማዕዱም ወሰን ያበጅለታል። ዮሐንስ በራእዩ በአዲሲቱ ከተማ መቅደስ አላየም። ጳውሎስ ደግሞ መጨረሻ የሚሻረው ጠላት ሞት ነው ይላል፤ ራእዩም ሞትና ሲኦል ወደ እሳት ባሕር እንደ ተጣሉ፣ ይህም ሁለተኛው ሞት እንደሆነ ይናገራል። ሞት ራሱ የሚሞትበት ቀን አለ። ዐምድ የሚቆመው ለሚቆየው ቤት ነው፤ ሊጣል የተወሰነበት ነገር በጥምቀት ውስጥ እንደ መቃብር፣ በቁርባን ውስጥ እንደ ተዝካር፣ በትንሣኤ ውስጥ እንደ እንቅልፍ ጊዜያዊ ቦታ ይሰጠዋል እንጂ ምሰሶ አይሠራለትም።

ከደብረ ዘይት በኋላ ገብር ኄር፣ ከገብር ኄር በኋላ ኒቆዲሞስ የሚባለው እሑድ ይመጣል። የዓለም ፍጻሜ ከተነገረ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚነበበው የመወለድ ወንጌል ነው፤ በሌሊት የመጣ የአይሁድ አለቃ ሰው ከሸመገለ በኋላ እንዴት ሊወለድ ይችላል ብሎ ይጠይቃል፤ ከውኃና ከመንፈስ የሚል መልስም ይሰጠዋል። በወንጌሉ ያን ሌሊት መልሱ ገብቶት እንደሆነ አልተጻፈም። ይህ ሰው በመጨረሻ የሚገኘው በዕለተ ዐርብ ማታ ነው። ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር ሆኖ መቶ ንጥር የሚያህል የተቀላቀለ ከርቤና እሬት ይዞ ሬሳ ሊገንዝ ይመጣል። ስለ መወለድ የጠየቀው ሰው መቅበር ደረሰው። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ሥጋውን ሲገንዙ ሦስት ጊዜ ቅዱስ የሚለውን ጸሎት በዚያ እንደ ተማሩት ይናገራል፤ በእጃቸው ያለውን ሬሳ የማይሞት ሕያው ብለው ጠሩት። በቅዳሴ የሚደርሰው ይህ ጸሎት ሦስት ክፍል አለው፤ በመጀመሪያው ከድንግል መወለዱ፣ በመጨረሻው መነሣቱ፣ ማረጉና ዳግመኛ መምጣቱ ይነገራል። በመካከለኛው በዮርዳኖስ መጠመቁና በመስቀል መሰቀሉ አንድ ላይ ይጠራሉ፤ በውኃውና በዕንጨቱ መካከል ሌላ ቃል አልገባም።